በቀኝ የተጀመረው ግድግዳ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለደጀን፤

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ በጤና ይጀምራል። እኔ ያንተን ጤና አልጠይቅም። በሕይወት መኖርህን ከሚስትህ ደብቀህ የኖርክ ሰው፣ አሁን እንዴት ነህ ብልህ ምን ልትለኝ ነው? እኛ ደህና ነን። ፅዮናዊት ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ቁመቷ ያንተ ነው፣ ምላሷ የኔ።

የላክኸውን ድምፅ ጋሻው በስልኩ አሰማኝ። «ስዕሉን አየሁት ማሪዬ፣ ይቅር እንዳልሽኝ ገባኝ፤ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» አልክ። ወይ አለማፈር! እዚያ ጂዳ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው እንዴ የምትኖረው? ጋሻው መኪናውን ወደብ አቁሞ ጀዋሪያ ዓሣ ቤት ምሳውን ሲበላ፣ ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ እንደላከልህ ነግሮኛል። ጓደኛህ ነውና አልፈርድበትም። ግን ተሳስታችኋል፤ ላስረዳህ።

እኔ አሁን ለፀጉር ቤቶች፣ ለሱቆችና ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ታሪክ ያለው የግድግዳ ወረቀት እሠራለሁ። ቤቱን ለክቼ፣ ባለቤቱን ታሪኩን አስወርቼ፣ ስዬ አሳትማለሁ። ጀዋሪያን ስጠይቃት «እኔ ምን ታሪክ አለኝ? ያንቺን ሳዪልኝ፤ ሰዉ ዓሣው እስኪጠበስ የሚያየው ነገር ይኑረው» አለችኝ። ያንተ ነገር አንጀቴን ሲያቃጥለኝ ኖሯልና ቁጭ ብዬ ሳልኩት።

አምስት ሉህ ነው። በመጀመሪያው ባልና ሚስት በራቸው ላይ ሻይ ይጠጣሉ። በሁለተኛው ሰውየው ፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። በሦስተኛው ጀልባ ላይ ነው። በአራተኛው ሚስቱ ከል ለብሳለች፤ በአምስተኛው ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ከሉን ሳጥን ውስጥ ትከታለች። መገላገል ነው ታሪኩ። የዚህ አገር ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማያውቅ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ባይገጥሙ እንዳያስነውሩ ብዬ እያንዳንዱን ሉህ በበር መቃን ከብቤ ሳልኩት። ጀርባቸው ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍኩና ለለጣፊው ለከይረዲን ሰጥቼ ሌላ ቤት ልለካ ሄድኩ።

ከይረዲን ቁርአን ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ለእሱ ነገር ሁሉ ከቀኝ ይጀምራል። አንድ ቁጥርን በቀኝ ጥግ ለጠፈ። እኔ በሀሁ ያደግሁት ደግሞ ከግራ ጀምር ተብሎ ለሰው እንደሚነገር አስቤም አላውቅ። ስመለስ ታሪኩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ሴትዮዋ ከሳጥን ከል ታወጣለች፣ ከል ለብሳ ትቀመጣለች፣ ጀልባ ይመጣል፣ ሰውየው ወርዶ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል፣ መጨረሻ ላይ ሻይ! ወደ ባሕር እንዲሄድ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሬ የሳልኩት ሰው፣ አሁን በቀኙ ያለው ቤቱ ሆነ።

«ከይረዲን፣ ምን ጉድ ሠራኸኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ምን አጠፋሁ እህቴ? ቁጥሩን ነው የተከተልኩት» አለኝ። እውነቱን ነው። ላስነሳው ስል ጀዋሪያ ፊቴ ቆመች። «አትንኪው! ሰውየው ወደ ቤቱ እየመጣ ነው፣ ማሻአላህ!» ባሎቻቸው ባሕር የተሻገሩባቸው ሴቶች አሁን እዚያ ሥር እየመጡ ይቀመጣሉ። እና ደጀን፣ ያየኸው ይቅርታ አይደለም፤ የለጣፊ ስህተት ነው።

ከኦቦክ ወደብ የተሳፈርክበት ጀልባ ሰጠመ ሲሉኝ ልጅህን አዝዬ ነበር። ሬሳ በሌለበት ፍትሐት አስፈታሁ፤ ተዝካርህን አወጣሁ፤ ዓመት ሙሉ በዚህ ወበቅ ከል ለበስኩ። አንተ ግን ሁሉንም ሰምተሃል! ጋሻው በሕይወት እንዳለህ የነገረኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። «ተዝካሩን ካወጣች ወዲያ አለሁ ብላት ታፍራለች ብዬ ነው» አልከው አሉ። ለኔ አዝነህ መሆኑ ነው! የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ ውሸት ነው። አንተ ሞተህ ምን ተጎዳህ?

ፅዮናዊትን ባለፈው እሑድ ጀዋሪያ ቤት ወሰድኳት። ግድግዳውን አየችና «እማዬ፣ ጥቁር የለበሰችው ሰውየው ስለሞተ አይደል? ታዲያ እንዴት መጣ?» አለችኝ።

«ስዕል ነው» አልኳት።

«የኔ አባትስ?»

የዓሣውን እሾህ ለቅሜ ሳህኗ ላይ አደረግሁላት። መኖርህን አልነገርኳትም፤ አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቻታለሁ። ለእሷ አባቷ ደግ ሰው ነበር፤ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ባሕር ዳር ይወስዳት ነበር፤ የሞተውም ለእሷ ሲል ነው። እኔ የሠራሁላት አባት ካንተ ይሻላል ደጀን። አንተ በር ላይ ከቆምክ አባቷ እንደጣላት፣ እናቷም እንደዋሸቻት በአንድ ቀን ታውቃለች። ስለዚህ አትምጣ። ሞተህ ቆይላት።

ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚሻገር ሰው እሰጠዋለሁ። በስልክ አልመልስልህም፤ ድምፄን እንድትሰማ አልፈልግም።

እንግዲህ ነፍስህን ይማር። እኔ ከዚህ ሌላ ምርቃት የለኝም።

ማርያማዊት

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ጠዋት ፅዮናዊት ትምህርት ቤት ናት፤ እስከ ስድስት ሰዓት አትመለስም። ቤት ብቻዬን ነኝ። ይህን ለምን እንደምጽፍልህ እግዜር ይወቅ።