የመምህርት ዝናሽ ዓለምሰገድ ዕረፍት፦ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ተሻግረው እንግሊዝኛ ያስተማሩ

ከከዚራ የክረምት ቋንቋ ትምህርት ቤት
ድሬዳዋ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠራተኞቻችን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች፣ በድሬዳዋም በጅቡቲም ለምትገኙ ወዳጆቻችን ሁሉ

የትምህርት ቤታችን መሥራችና ርእሰ መምህርት ወይዘሪት ዝናሽ ዓለምሰገድ በሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በኀምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተሰባቸው፣ ባልደረቦቻቸውና ከጅቡቲ የመጡ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ሕመማቸውን ብናውቅም ዕረፍታቸው ዱብ ዕዳ ሆኖብናል።

መምህርት ዝናሽ በ1965 ዓ.ም. በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ዓለምሰገድ በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ የነበሩ ቢሆንም፣ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስላረፉ ቋንቋውን አላወረሷቸውም። ሶማሊኛን ግን መምህርት ዝናሽ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ለምደውት አድገዋል።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ከተመረቁ በኋላ፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በመልካ ጀብዱ፣ ቀጥሎም በከተማው አስተምረዋል።

በ2000 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ በሚያስተምር አንድ የጅቡቲ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥራ አግኝተው ተሻገሩ። የሄዱት የተሻለ ደመወዝ ፈልገው እንደነበረ ራሳቸው አይደብቁም ነበር፤ እናታቸውን የሚጦሩት እርሳቸው ነበሩና። ፈረንሳይኛ አይችሉም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪዎቹ ሲጠይቋቸው አይገባቸውም፤ እርሳቸው ሲያስረዱም ተማሪዎቹ አይገባቸውም። ግራ ቢገባቸው እንግሊዝኛውን በሶማሊኛ ማስረዳት ጀመሩ። ይህ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ደንብ የተከለከለ ነበር። ወላጆችም «ልጆቻችንን የላክነው የቤታቸውን ቋንቋ ሊሰሙ ነው እንዴ?» ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ።

የዚያን ጊዜው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰማታር በቀብሩ ዕለት እንደነገሩን፣ መምህርቷን ቢሯቸው ጠርተው ሊያሰናብቱ ወስነው ነበር። «ፈረንሳይኛ ሳትችዪ እነዚህን ልጆች እንዴት ልታስተምሪያቸው ነው?» ሲሏቸው፣ «እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም፣ እነሱም እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ሁላችንም የምንችለውን ለምን እንደብቃለን? ወላጆቹ መጥተው ይዩኝና ከዚያ አሰናብቱኝ» ብለው መለሱ።

ወላጆቹ መጡ። መምህርት ዝናሽ ጭንቀታቸውን ዋጥ አድርገው እንደ ወትሮው አስተማሩ። የዕለቱ ትምህርት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩበት የ«ሀ» ድምፅ ነበር፤ ያንን ድምፅ የዋጠ ተማሪ «ሀንግሪ» (ርቦኛል) ያለ እየመሰለው «አንግሪ» (ተናድጃለሁ) ይላልና። ይህን በሶማሊኛ ሲያስረዱ ልጆቹም ወላጆቹም ሳቁ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ፋዱማ ተነሥተው፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ምን እንደሚማር ሲገባኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህችን ሴት አትንኩብኝ» አሉ። ሁሉም አልተስማሙም፤ ልጆቻቸውን ከክፍላቸው ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። መምህርት ዝናሽ ግን ከሥራቸው አልተሰናበቱም።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በማታው ክፍለ ጊዜ የወደብ ሠራተኞችን አስተምረዋል። በፈረንሳይኛ «መጠየቅ» ማለት የሆነው «ደማንዴ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «ዲማንድ»፣ ማለትም «ማዘዝ» ሆኖ ስለሚሰማ፣ ሠራተኞቹ የመርከብ አዛዦችን በትሕትና የጠየቁ እየመሰላቸው ያስቆጧቸው ነበር። የያኔው ተማሪያቸው፣ በወደቡ የሬዲዮ ሠራተኛ የሆኑት አቶ ገዲ፣ «አንድ ካፒቴን የጮኸብኝ ለምን እንደሆነ በሁለተኛው ወር ገባኝ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ስል መርከቡ ሄዷል» ብለውናል። መምህርት ዝናሽም በበኩላቸው ከተማሪዎቻቸው ፈረንሳይኛ ተማሩ። «የእኔ ፈረንሳይኛ ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ ነው፤ ግን ያደርሳል» ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊነት ከመኖሪያ ቤት ጋር ቀረበላቸው። በዚያው ሰሞን እናታቸው ታመሙ። ሹመቱን ትተው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። መመለሳቸው ቀላል አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሰው ጋር ብዙ እንደማያወሩ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር ለማየት ብቻ ጣቢያ ድረስ ይሄዱ እንደነበር ወንድማቸው አቶ ኒቆዲሞስ ያስታውሳሉ።

በ2011 ዓ.ም. የጅቡቲን የሰኔና የሐምሌ ሙቀት ሸሽተው ከነልጆቻቸው ድሬዳዋ የሚከርሙትን ቤተሰቦች ተመልክተው፣ በከዚራ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይህን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በአንደኛው ክፍል እንግሊዝኛ ለጅቡቲ ልጆች፣ በሌላው ደግሞ ጅቡቲ ሥራ ለሚፈልጉ የድሬ ወጣቶች ፈረንሳይኛ ይሰጥ ጀመር። ፈረንሳይኛውን እንዲያስተምሩ የቀድሞ ተማሪያቸውን ወይዘሮ ላዳንን ከጅቡቲ አስመጡ።

በ2015 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን በክረምቱ መርሐ ግብር ዙሪያ እያመቻቹ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ባለፈው ግንቦት ሁላችንን ሰብስበው፣ «ሀዘን ብላችሁ ምዝገባ እንዳትዘጉ። ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው። አልቅሱ፤ ግን በሩን ክፈቱ» ብለውናል።

እኛም ይህን ቃል መፈጸም ከብዶን እንደነበረ አንደብቅም። ከመካከላችን ዘንድሮ ይዘጋ ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ግን ትምህርቱ እንደታቀደው ሰኞ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲጀመር፣ ርእሰ መምህርነቱንም ወይዘሮ ላዳን እንዲይዙ ወስነናል።

ለእናታቸው ለወይዘሮ በለጠች፣ ለወንድማቸው ለአቶ ኒቆዲሞስ፣ ከመልካ ጀብዱ እስከ ጅቡቲ አብረዋቸው ለሠሩ መምህራንና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የመምህርት ዝናሽን ነፍስ አምላክ በገነት ያሳርፍልን።

ውሳኔያችንን ልንነግራቸው ለቅሶ ቤት ስንሄድ ወይዘሮ በለጠች፣ «እኔም እመጣለሁ። የሰው ልጅ ከሩቅ መጥቶ በሩ ላይ የሚቀበለው አይጣ» ብለዋል። ሰኔ 30 ጠዋት በሩ ላይ ወንበር እናዘጋጅላቸዋለን።

የከዚራ የክረምት ቋንቋ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ