የ«ድንጋይ ሐኪሙ» አባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ከአንድ የድንጋይ ካባ በታች በሚገኝ ሠፈር ተወለዱ። ከካባው የሚወጣውን የሚያብለጨልጭ ስባሪ በኪሳቸው እየሞሉ ቤት ስለሚያስገቡ፣ እናታቸው ኪሶቻቸውን ሰፍተው እስከ መዝጋት መድረሳቸውን ታላቅ እኅታቸው ዛሬም ይነግሩናል።

ትምህርታቸውን በዚያው ሠፈር አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ረዳት ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም በዚያው አገለገሉ። በ1976 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ እናታችንን፣ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። እናታችን በ2003 ዓ.ም. በሞት ተለዩዋቸው።

«የድንጋይ ሐኪም» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የዕረፍት ቀናቸውን ኮረብታ ለኮረብታ እየዞሩ ድንጋይ የሚለቅሙ ወዳጆቻቸው ናቸው። ያገኙትን ይዘው አባታችን ወደሚሠሩበት የቤታችን ጓሮ ክፍል ይመጣሉ። አባታችን ድንጋዩን በመስተዋት ቁራጭ ላይ ይጭሩታል፣ ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል። መስተዋቱን ከጫረና በኮምጣጤው ካልፈላ፣ ኳርትዝ የሚባለው መስተዋት መሰል ጠንካራ ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። አልማዝ አገኘሁ ብሎ የመጣን አንድ የታክሲ ሹፌር «ወንድሜ፣ ታክሲህን እንዳትሸጥ» ብለው መልሰውታል።

ከዚያ ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ፣ የዝገቱን ቅርፊት በአሲድ ያስለቅቃሉ። አሲዱ ሲሞቅ ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን አንዳንዱ ኳርትዝ ሲፈጠር የታሰረ ውኃ በሆዱ ይይዛል፤ ሲሞቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ በመብራት ፊት ሦስት ጊዜ ያዘነብሉና፣ በግንበኛ ውኃ ልክ ውስጥ እንዳለችው ያለች አረፋ መኖሯን ይፈልጋሉ። አረፋ ካዩ አሲዱን አያሞቁም። ይህን ሕግ አንድም ቀን አልጣሱም።

በ2014 ዓ.ም. አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ፣ ሟች ባለቤታቸው በመጨረሻ ጉዟቸው ያገኙትን ድንጋይ አመጡ። «ጋሼ፣ እሱ ‘ውስጡ የሚሄድ ነገር አለ’ ይለኝ ነበር፤ እስቲ ይዩልኝ» አሏቸው። አባታችን ሦስት ጊዜ አዘነበሉት፤ ምንም አላዩም። «የባል ነገር፤ ሚስቱን ደስ ካላት ድንጋይም ያስኬዳል» ብለው አሳቋቸው። ነርሷ በዚያው ሳምንት ወደ ልጃቸው ከተማ ጠቅልለው ሊሄዱ ስለነበር፣ እንዲደርስላቸው አሲዱን አሞቁት። ድንጋዩ ከሦስት ተከፈለ፤ ውኃውም ከአሲዱ ጋር ተቀላቀለ።

የአባታችንን ዓይን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ሥራዬን ያስተዉኛል ብለው ለማንም አልተናገሩም። እኛም ልጆቻቸው የእጅ ጽሑፋቸው ፊደል ከወር ወር እየገዘፈ ሲሄድ እያየን ዝም አልን።

ነርሷ ሊያጽናኗቸው መጥተው «ይተዉት ጋሼ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አሏቸው። አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግስቱ በእጃቸው የነበሩትን ሠላሳ አንድ ድንጋዮች ከነጭቃቸው ለየባለቤቶቹ መለሱ፤ ወደ ጓሮው ክፍልም ዳግመኛ አልገቡም። ዓይናቸውን ለማሳከም ለመንናቸው፤ «ከእንግዲህ ምን ላይበት?» አሉን። ያወቁትንም ለማንም አላስተማሩም፤ አብሯቸው ሄዷል።

ኩላሊታቸው ታሞ ለአሥር ወራት ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። «ታሪኬ ሲነበብ ይህንን እንዳትዘሉት» ብለው አደራ ሰጥተውኛል። ከቤተሰባችን መካከል «ይህ አይነበብ» ያሉ ነበሩ፤ አደራ ሆኖብኝ አነበብሁት።

ከኋላቸው ታላቅ እኅታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ነርሷም ረጅም መንገድ ተጉዘው ዛሬ በመካከላችን ቆመዋል። ይቅር ማለታቸውን ደጋግመው ነግረዋቸው ነበር፤ አባታችን አልተቀበሉም። ለራሳቸው የከለከሉትን ምሕረት እግዚአብሔር ለነፍሳቸው አይከልክልብን።