ሁለት በርሜል ናፍጣ

ግንቦት 4፣ ጠዋት
ዛሬም ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ግቢው ጭቃ ብቻ። ማስታወሻዬ፣ ለሰው ብናገረው ጉራ ይሆንብኛል፣ ላንተ ግን ልንገርህ። ክልል ሆነን የራሳችን ትራንስፖርት ቢሮ ካገኘን ወዲህ የመጀመሪያዋ መመሪያ የኔ እጅ ሥራ ናት። ዝናብ ከጣለ በኋላ ወደ ታች ወረዳዎች የሚወርድ መኪና ከሠላሳ ኩ/ል በላይ አይጭንም። የመንገዱ ዋልካ አፈር አይችልማ። አምና አንድ ከባድ መኪና መንገዱን አርሶት ሄደና አምቡላንስ እንኳ ሳያልፍ ክረምቱ ወጣ።

ከሰዓት
ሾፌሩ ጋሽ በቀለ ከመቱ ገባ። የጫነው ለሕፃናት የሚሆን ዱቄት ነው፣ ለእህቴ ለሰናይት ጤ/ጣቢያ። ነርስ ናት እዚያ። ቆጠርኩ፤ ልክ ሠላሳ። ከላይ ግን ሁለት በርሜል ናፍጣ። እታች ነዳጅ የሚባል ነገር ስለሌለ ሾፌር ሁሉ የመመለሻውን ይዞ ነው የሚወርደው። በርሜሉን ከጭነት የቆጠረው ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔም መመሪያውን ስጽፍ ረስቼዋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ አራት ኩ/ል ገደማ ይመዝናሉ። "ስንቄ እኮ ነው ወንድሜ፣ ስንቅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጭነት የሆነው?" አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ግን ቶሎ ጠፋ።

ግንቦት 5
አራት ኩ/ል ዱቄት ይውረድ አልኩ። ሰናይትን በሬዲዮ አገኘኋት። ዱቄት ካለቀ ሰንብቷል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በሯ ላይ ነው የሚውሉት። ስለ አራቱ ነገርኳት። መመሪያው ያንተ ነው ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ዘጋችው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ኃላፊያችን አንድ ቀን ዓይንህን ብትጨፍን ምን አለበት ይለኛል፣ ለእህትህ አይደል። ለእህቴ መሆኑ ነው ችግሩ። ባለፈው ሳምንት የነጋዴዎች መኪና ከሠላሳ በላይ ስለጫነ መልሻለሁ። ምሳ አልበላሁም። በራሴ ተናድጃለሁ፣ በምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ግንቦት 6
ጋሽ በቀለ በርሜሎቹን ራሱ አወረዳቸው። ዱቄቱ አይነካም አለ፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ለመሄጃ ይበቃኛል፣ መመለሻውን እግዜር ያውቃል። ይህን የሚለው ሰው አምና እዚያው ነዳጅ አልቆበት ክረምቱን ሙሉ የከረመ ነው። ወሬው ስለጠፋ ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። በመስከረም ቤቱ ሲደርስ በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ነበር። እየሳቀ ነው ያጫወተኝ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሞተር አስነስቶ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ "ከዘገየሁ አልሞተም በላት። ዘንድሮ አታልቅስ።"

ሄደ። አንጀቴን በላኝ። በርሜሎቹ ግቢ ውስጥ ቆመው ያዩኛል።

ግንቦት 7፣ ማለዳ
ባሮ ሞልቷል። መንገዱን የሚዘጋው ዝናብ ወንዙን ከፍቶታል። ጤ/ጣቢያዋ ደግሞ ወንዙ ዳር ናት። ባለታንኳውን ኦሞድን አገኘሁት። ታንኳው ሠላሳ ኩ/ል አይችልም፣ ሁለት በርሜል ግን ቀላል ነው አለኝ። "ናፍጣ ውሃ ላይ አይሰምጥም። ከጎን እናስራለን። አንተ ቁጭ ብቻ።" አንተ ያለኝ፣ የቢሮ ሰው አብሮኝ ካልሄደ አልነሳም ስላለ ነው። ናፍጣ በየመንደሩ ይፈለጋል፤ ለጠየቀው ሁሉ እምቢ እያለ ከዘመድ ጎረቤቱ መጣላት አይፈልግም። እምቢ ባዩ እኔ እንድሆን ነው። ለዚህ ሥራማ ማን እንደኔ።

መዋኘት አልችልም። የደጋ ልጅ ነኝ፣ ጉልበቴን ካለፈ ውሃ ገብቼ አላውቅም። አዞውን አታንሳብኝ። ፈርቻለሁ።

ግን ዝናቡ ሳይጠና ናፍጣው ካልደረሰለት ሰውየው እስከ መስከረም እዚያው ነው። ለሚስቱ አልደወልኩም፤ አልደውልምም። ራሱ ገብቶ ይንገራት።

አንተን መሳቢያ ውስጥ እቆልፍብሃለሁ። ኦሞድ እየተጣራ ነው። በርሜሎቹን አስሮ ጨርሷል፤ ሄድኩ።