በሁዳዴ የተወጋሁት የጉልበት መርፌ

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ
ዛሬ ጠዋት የደሜ ስኳር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ቀለመ ወርቅ፣ የ«ጉልበት አድስ» ቴሌግራም ቻናል ባለቤትና የሆርሞን አማካሪ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ከእኔ እንደሚሻል አልጠራጠርም፤ የሚሸጡትን እርስዎ አይወጉትምና። እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በገብስ ውቂያ ደቦ ላይ፣ ወጣቱ ጎረቤቴ ደሳለኝ መንሹን ከእጄ ወስዶ «ጋሼ፣ እርስዎ ውሃ ያቀብሉን» ስላለኝ ደንበኛዎ የሆንኩ ሰው ነኝ። ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ. «በባዶ ሆድ ይወጉ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ሁዳዴ ሊገባ ነበርና፣ ከእኔ ሆድ የባሰ ባዶ ከየት ይመጣል ብዬ ሃምሳ አምስቱን ቀን ለመርፌው መደብኩለት። ጾምን ለጡንቻ ያዋለ የመጀመሪያው የእስቴ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

2ኛ. መድኃኒቱ ጨጓራ ሲርበው የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ስላልነገሩኝ አመሰግናለሁ። በተወጋሁ በሩብ ሰዓት መጫኛ የምበላ ይመስለኛል። ባለቤቴ ህይወት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በማለዳ ገለባ ቤት ተደብቄ ጨረስኩት። ድመቷ ተከሰሰች።

3ኛ. የእድገት ሆርሞኔ ጨምሮ ይሆናል፤ አልክድም። ነገር ግን ፋርማሲ የምትማረው ልጄ ሰናይት በስልክ እንዳስረዳችኝ፣ እሱ ሲጨምር ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል፣ ስኳርም ይወጣል፤ የጭንቀት ሆርሞንና የእናቶችን ወተት የሚያመጣው ሆርሞንም አብረው ሊነሡ ይችላሉ። «አባዬ፣ ልትታለብ ነው?» አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ፋንቱ «ምግብ ሳይቀምሱ ነው የመጡት?» ስትለኝ፣ የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ለራሳቸው ሕክምና መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ግማሽ ዳቦ በልቼ ነበር። «እንዴታ! ሁዳዴ አይደል እንዴ?» አልኩ። አባም «ጎበዝ» አሉኝ። ስለ መርፌውም ትንፍሽ አላልኩም። ዳቦውና መርፌው ያወጡት ስኳር የባዶ ሆድ ተብሎ ተመዘገበ፤ በዚህ ውሸት የዕድሜ ልክ የስኳር ክኒን ታዘዘልኝ።

ይህን የምጽፈው ክኒኑን ለመቀበል ተሰልፌ ነው። አሁን ስሜ ተጠራ። አባ ግን ገና ከግቢው በር አላለፉም፤ ክኒኑን ትቼ እውነቱን ልናዘዝ ልደርስባቸው ነው።

ከሰላምታና ከማያልቅ ረሃብ ጋር፣
ውሃ አቀባይዎ አስናቀ ገብሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባ ስልሳ ስግደት ሰጡኝ። ስግደት ጉልበት ያጠነክራል፤ እባክዎ በብልቃጥ መሸጥ እንዳይጀምሩ። ሲስተር ፋንቱም ሁሉን ስነግራት መርፌውን አስቁማ፣ በእውነት ጾሜ እንድመለስ ቀጠረችኝ። የተረፉትን ሦስት ብልቃጦች ስትረከበኝ የሻጩን ስምና ስልክ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ ልዋሻት አስቤ ነበር፤ ግን ሁለቱንም ሰጠኋት፤ ምን ላድርግ፣ ገና ንስሐ መግባቴ ነው።