ፉርጎው ሲፈታ

ሚያዝያ 5፣ እሁድ

ዛሬም ፉርጎው ጋ ዋልኩ። የመስኮት ፍሬም በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ጣቶቼ ተላጡ። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ መጋዘኖቹ መሃል፣ አንድ የድሮ የባቡር ፉርጎ አለ ብል የክፍሌ ልጆች አያምኑኝም። አንድ ነጋዴ እህል ላከማችበት ብሎ በከባድ መኪና አስጭኖ ያመጣው ነው። እሱ ሞቶ ፉርጎው ቀረ። እኛ እሁድ እሁድ እየተሰበሰብን በነፃ እናድሰዋለን። መጀመሪያ የገባው ረዲ ነው። እኔ እሱን፣ ታላቅ ወንድሜን፣ ተከትዬ... አሁን እሱ የለም፣ እኔ አለሁ።

አብረውን የሚሠሩት ጋሼ ሀብተሚካኤል ድሬዳዋ የባቡር መካኒክ ነበሩ። አንዷን ሳንቃ እያገላበጡ፣ "ይቺን የጠረባት ረዲ ነው። ምን ዓይነት አናጢ ነበር እባካችሁ!" ብለው ሳቁ። የቡድናችን አስተባባሪ ቲናም ሳቀች። እኔም።

እቤት እንዲህ አይሳቅም። ረዲ ከረመዳን በፊት ሆስፒታል ገብቶ ሳይወጣ ከቀረ ወዲህ ስሙን የሚጠራ የለም። ከተጠራ እማዬ ታለቅሳለች፣ አባዬ ተነስቶ ይወጣል። ስሙን የምሰማው ፉርጎው ጋ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

የሒሳብ ፈተና። ምን እንደጻፍኩ እንጃ። የሱ አልጋ ላይ ደብተሬን ብቻ ነው የማስቀምጠው። ተኝቼበት አላውቅም።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ቲና ከሁሉም ቀድማ ነበር የምትመጣው። ዛሬ ግን ዘገየች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"የነጋዴው ወራሾች ግቢውን ሸጡት" አለች። "ሕንፃ ሊሠራበት ነው። ሰኔ ሳይገባ ውጡ ተባልን።"

"ፉርጎውስ?" አሉ ጋሼ።

"ከቻላችሁ ውሰዱት ነው ያሉት። ካልቻላችሁ ምናለሽ ተራ ለቁርጥራጭ ይሸጣል።"

በምን በኩል ይወሰዳል? ፉርጎው ሲገባ የግቢው በር ሰፊ ነበር አሉ። አሁን ግራና ቀኙ ሱቅ ተሠርቶበት ጋሪ እንኳ እየተፋተገ ነው የሚያልፈው። አንዱ ልጅ "ክሬን ብናመጣስ?" ሲል ቲና፣ "ክሬኑ ራሱ የት ይገባል?" አለችው።

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

"ፈትተን ነው እንግዲህ" አሉ።

ግንቦት 3፣ እሁድ

ሳንቃው የት ይቀመጥ? ሁሉም ቤት ጠባብ ነው። እኔ ከአፌ አመለጠኝና "አባቴ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ይሸጣል፣ ጓዳው ሰፊ ነው" አልኩ። አባዬን ገና አልጠየቅኩትም።

እራት ላይ ጠየቅኩት።

"የምን ሳንቃ?"

"የፉርጎው።"

"ሐዲድ የሌለው ባቡር ደግሞ እኔ ሱቅ ሊገባ ነው?"

እማዬ፣ "ተወው እስኪ፣ ልጁ ይብላበት" አለችው። እጁን ታጥቦ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ "ከጎማዎቹ ጀርባ። ዓይኔ ስር እንዳላየው" አለ።

እሺ ማለቱ ነው? ነው መሰለኝ...

ግንቦት 10፣ እሁድ

መፍታት ጀመርን። እያንዳንዱ ሳንቃ ላይ በጠመኔ ቁጥር እንጽፋለን፣ አንድ ቀን ቦታ ሲገኝ መልሰን እንድንገጥመው። ከድሮም የፉርጎውን አንዱን ጫፍ "አዲስ አበባ"፣ ሌላውን "ጅቡቲ" ነው የምንለው። የግራውን ጎን እኛ ወጣቶቹ ያዝን፣ የቀኙን ጋሼ።

ብሎኖቹ ዝገው እምቢ ይላሉ። ረዲ የገጠማቸው ግን አዲስ ናቸው፣ ቶሎ ወጡ። ለምን ቶሎ ወጡ? ትንሽ ቢያስቸግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት 17፣ እሁድ

አለቀ። የታች ብረቱን፣ ሻንሲውንና እግሮቹን፣ ለወራሾቹ ተውናቸው፣ ማንም ሊያነሳቸው አይችልም። ሳንቃውን በጋሪ እያመላለስን አባዬ ጓዳ ቆለልነው። እሱ ከሱቅ አልወጣም፣ ዞሮም አላየንም።

ስናስተካክል ቲና ሁለት ሳንቃ ይዛ ቆመች። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር። ሌላ አነሳች። እሱም መንታ አለው።

"ጋሼ፣ ከየት ጀምረው ነው የቆጠሩት?"

"ከጅቡቲ ነዋ! ከየት ልጀምር?"

እኛ የጀመርነው ከአዲስ አበባ ነው። በዚያ ላይ የግራና የቀኙ አንድ ላይ ተቆልሏል። ግራ ወይም ቀኝ የሚል ምልክት ያደረገ የለም።

"የባቡር መንገድ ከጅቡቲ ነው የሚቆጠረው" አሉ ጋሼ። "እዚህ መድረሻ ነው፣ መነሻ አይደለም!"

"እኛ የት እናውቃለን ጋሼ? እኛ እኮ የተነሳነው ከዚህ ነው" አለች ቲና።

ስትስቅ ቆይታ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እያለቀሰች ነበር። ጋሼ አጠገቧ ቆመው "በቃ፣ በቃ ልጄ" ይላሉ። የረዲ ሳንቃዎች የትኞቹ እንደሆኑ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ሰኔ 1፣ እሁድ

በጠዋት ነቅቼ የሥራ ሱሪዬን ለበስኩ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

የት ነው የምሄደው?

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። ግቢው በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሯል። ዘበኛው "ምን ፈለግክ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

ጋሼ ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ ሄደዋል። ቲና ሐዋሳ ሥራ አግኝታለች። "እንደዋወላለን" ተባብለን ነበር። ደወልኩላት፣ ሥራ ላይ ነኝ አለች። እውነቷን ነው። ደግሞስ ብታዋራኝ ምን ልላት ነበር? ስለ ረዲ አውሪልኝ?

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። አባዬን የሚያግዘው ጠይብ፣ "ጓዳ ነው። ከዙሁር ሶላት ጀምሮ አልወጣም" አለኝ።

ከጎማዎቹ ጀርባ ነበር። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። እጁ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ቀስ ብዬ ልመለስ ስል አየኝ።

"የት ነበር የሚቀመጠው?" አለ።

"ማን?"

ገብቶኛል። ግን ከአፉ መስማት ፈለግኩ። የያዘውን ሳንቃ አስቀመጠ።

"ረዲ" አለ። "ምሳ ይዛችሁ ትሄዱ አልነበር? የት ቁጭ ብሎ ነበር የሚበላው?"

ፉርጎው ቆሞ እያለ አንድ ቀን መጥቶ አላየውም። አሁን የት ልውሰደው? ቆርቆሮው ጋ ወስጄ በቀዳዳ ላሳየው?

ጎማዎቹን ገፋ አድርጌ ወለሉን ጠረግኩ። የፉርጎውን የወንበር ሳንቃዎች መርጬ ጎን ለጎን ደረደርኩ። ከፊታቸው አንድ የመስኮት ፍሬም ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

"እዚህ ነበር" አልኩት። "ወደ መስኮቱ ዞሮ።"

አባዬ ጫማውን አወለቀ። ቁጭ አለ። ወደ ፍሬሙ ዞረ። ከፍሬሙ ወዲያ ግድግዳ ብቻ ነው... እሱ ግን ያያል።

ሳንቃዎቹ ትክክለኛዎቹ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ማንም አያውቅም። አልነገርኩትም። አጠገቡ ቦታ ነበር። እኔም ጫማዬን አወለቅኩ።