ገና ስላልተሰማው ጩኸት

ለተከበሩ አቶ ሰውአገኝ
የቀበሌያችን የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ወደ ቤቴ ላልገባ ዕቃ ስለተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። በተለይ ጆሮዎ ደህና ይሆን ዘንድ እጸልያለሁ፤ ገና ለገበያ ያልወጣ ዕቃ ሲጮህ ከባሕር ማዶ የሰማ ጆሮ በከተማችን ሌላ ስለማይገኝ፣ ይህ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ ብርድ እንዳይመታው በጋቢዎ ጫፍ ሸፈን ቢያደርጉት መልካም ነው። እኔ ከቦኖው ውሃ በላይ ባለው ግቢ የምኖር ውቢት ወልደኢየሱስ ነኝ። በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ የምንለዋወጥ ሰዎች ባንሆንም፣ ኮሚቴዎ ስሜን ከነአባቴ ሳይሳሳት ስለጻፈልኝ ማንነቴን ለማስረዳት አልደክምም።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በየግድግዳው ላይ ተለጥፎ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በግቢዬ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለአቶ አስማረ አከራይቼ ነበር። አስማረ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ጸጉሩ ሽበት የጀመረው፣ በር ሲዘጋ እንኳ ሰው እንዳይረብሽ የሚሳቀቅ ሰው ነው። ጊታር አለው። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ከድምፅ ማጉያ ጋር ካልተያያዘ በቀር፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ከምታሰማው የበለጠ ድምፅ አይወጣውም፤ ማጉያ ደግሞ አልነበረውም። አንድ የውጭ ኩባንያ ዛሬ አወጣዋለሁ ነገ አወጣዋለሁ እያለ የሚያስወራለትን ትንሽ አምፕሊፋየር ይጠብቅ ነበር። ፎቶውን በስልኩ አሳይቶኛል፤ የዳዊት መጽሐፍ የሚያህል፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ በአናቱ ላይ ማዞሪያዎች የተደረደሩበት ሸጋ ሣጥን ነው። ይህ ምን ይሠራልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ "እትዬ ውቢት፣ ለእኔና ለእርስዎ የሚበቃ ድምፅ አለው" አለኝ። የመጣ ዕለት አስቀድሞ እኔ ክፍል አምጥቶ ሊያሰማኝ ቃል ስለገባልኝ፣ ከሶኬቱ አጠገብ የነበረውን የጤፍ ማዳበሪያ አንሥቼ በቦታው በርጩማ አኑሬ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው ወሬን ወደ ማስረጃ ስለሚለውጥበት ጥበብ አመሰግናለሁ። አስማረ ፎቶውን ለሻይ ቤት ወዳጆቹ ባሳየ ማግስት፣ ቦኖው ወረፋ ላይ ዕቃው እስከ አዘዞ እንደሚሰማ ተነገረ፤ ጀሪካኔ እስኪሞላ ድረስ ድምፁ ተራራ ተሻግሮ ድብ ባሕር ደርሶ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ስንዱ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ምነው ውቢት፣ በስተርጅና ጭፈራ ቤት ልትከፍቺ ነው አሉ?" ብትለኝ፣ "አዎን፣ አንቺንም ለእስክስታ ቀጥሬሻለሁ" ብዬ መለስሁላት፤ ሰልፈኛውም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ያ ቀልድ በኮሚቴው ዘንድ የእምነት ቃሌ ሆኖ እንደተያዘ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ወሬውን ይዞ ሳንጃ ወረደ፤ ሲመለስም የሳንጃ ሰዎች ስለ ዕቃው እንደጠየቁት ተናገረ፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ "ከሳንጃ ሳይቀር መረጃ ደርሶናል" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከሰፈራችን የወጣ ወሬ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ሳንጃ አድሮ ሲመለስ ማስረጃ ሆኖ መመለሱ ለመንገዱም ለኮሚቴውም ክብር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለዚያው ስብሰባ አመሰግናለሁ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦው፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ሰው በየቤቱ ጸጥታ እንዲያከብር ከቀትር ጀምሮ ሲመክረን ስለዋለ፣ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሳይቀሩ ምክሩን እየተንቀጠቀጡ ተቀብለዋል። ወይዘሮ ስንዱ እንቅልፍ አጣሁ ብላ ስትመሰክር፣ ገና ያልተሸጠ ዕቃ እንዴት እንቅልፍ እንደነሣት ጠይቆ ያዋረዳት ሰው ባለመኖሩም የኮሚቴውን ጨዋነት አድንቄአለሁ። እርስዎ ደግሞ ሳይመጣ እንዲህ ያደረገን ሲመጣ ምን ሊያደርገን ነው ብለው ሲናገሩ፣ እኔው ራሴ ለአፍታ ፈርቼ ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ትንሽ ከብዶኛል፤ ኮሚቴው ስለላከልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከሩቅ ከቅርብ የሚመጣውን ወንድ ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ነበሩ። እኔ ሴት ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ወፍጮ ላይ ሆኜ የፊደሉን ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር፤ መልኩን ያየሁት ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በዚሁ በእናንተው ቀበሌ በተከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ጽሕፈት ቤታችሁ ፊደል አስተምሮኝ ሲያበቃ የማነበው ነገር እንዳላጣ ደብዳቤ ስለላከልኝ ውለታው ድርብ ሆኖብኛል። በሕይወቴ በስሜ ተጽፎ የመጣልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው። ፖስታው ላይ "ለወይዘሮ ውቢት ወልደኢየሱስ" የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያም ውስጡ ምን እንዳለ ሳላይ፣ ደስታዬን የምነግረው ሌላ ሰው ስላልነበረኝ፣ አስማረን ጠርቼ ለዕቃው ባዘጋጀሁት በርጩማ ላይ አስቀመጥሁትና ሳነብ እንዲሰማኝ ለመንሁት። ላንብብልዎት ብሎ እጁን ሲዘረጋ ከለከልሁት። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ፣ እንዳስተማራችሁኝ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያያያዝሁ ሄድሁ። "ሁከት ፈጣሪ መሣሪያ ለማስገባት በመዘጋጀት ላይ የሚገኘው ተከራይዎ አቶ አስማረ" የሚለውን በገዛ አፌ፣ በገዛ ፊቱ፣ ቃል በቃል አነበብሁለት። ልጅ ሆኜ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ቀድሞ አይቶ አፌን በያዘልኝ ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን ከአፌ እኩል ነው የሚደርሰው። አስማረ አንገቱን ደፍቶ ካዳመጠኝ በኋላ፣ "ይበቃል እትዬ ውቢት፤ ሸጋ አድርገው ነው ያነበቡት" አለኝ።

ደብዳቤው ላይ ዕቃው ቢገኝ አከራይዋ ትጠየቃለች የሚል ስለነበረበት፣ አስማረ በእኔ ሰበብ ቤትዎ አይታሸግም ብሎ በዚያው ሳምንት ፍራሹንና ጊታሩን በባጃጅ ጭኖ አዘዞ ገባ፤ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ማስጠንቀቂያ ወደማይጻፍበት ሰፈር።

በክፍሎቻችን መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው። አስማረ ከሥራ ሲመለስ ያንን የዝንብ ድምፁን ይጀምር ነበር፤ እኔም አልጋዬን ከግድግዳው አስጠግቼ፣ ጆሮዬን ጭቃው ላይ አድርጌ እሰማው ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ያን ጊታር የሰማ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንሁ፣ አቤት የማለት መብትም የእኔ ብቻ ነበር፤ ግን ኮሚቴው ሥራ ስለበዛበት ሳይጠይቀኝ ቀርቷል። አልጋዬ አሁንም እዚያው ነው። የሚፈለገው ጸጥታ ይህ ከሆነ በእኔ ቤት ተትረፍርፏልና፣ ለስብሰባ የሚያንሳችሁ ቢሆን መጥታችሁ ውሰዱ።

አራተኛ፣ የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ የኮሚቴው ተወካይ በየሳምንቱ ዓርብ እየመጣ ቤቴን እንደሚፈትሽ ይገልጻል። ከደብዳቤው ሁሉ የወደድሁት ይህንን ነው። ዓርብ ዓርብ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ቆሎ አቀርባለሁ፣ ፈታሹ ሲመጣ ቆሞ እንዳይደክመው ያን በርጩማ ወደ በሩ አስጠጋለታለሁ። እስካሁን የመጣ የለም። የሰው ቤት ሊፈትሹ መጥተው የተጠሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ባለመምጣት የተጠሉ ግን እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሳትሆኑ አትቀሩም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚሽር ሁለተኛ ደብዳቤ በስሜ ይጻፍልኝ። ለአስማረ በቀጥታ እንዳትልኩት አደራ፤ እኔው ይዤ በሚኒባስ አዘዞ እወርዳለሁ፤ የመጀመሪያውን የሰማው ከእኔ አፍ ነውና ሁለተኛውንም ከእኔ አፍ ሊሰማ ይገባዋል። ማንበቤ አሁን ፈጠን ብሏል፤ ያንን ግን ቀስ ብዬ ነው የማነብለት። ይህ ለኮሚቴው ከባድ ቢሆን እንኳ፣ የዓርቡ ፍተሻ እንደ ውሳኔው ይፈጸምልኝ።

ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ባገኘሁት ፊደል፣ በእርስዎ ኮሚቴ በተጠበቀልኝ ጸጥታ ውስጥ ተቀምጬ ይህን የጻፍሁ፣ ውለታዎን ቀን ከሌት የማልረሳ፣

ውቢት ወልደኢየሱስ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
— ለቦኖው ወረፋ
— ለሻይ ቤቱ ደንበኞች
— ለወይዘሮ ስንዱ፣ መልካም እንቅልፍ እየተመኘሁ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሻይ ቤቱ ሰዎች ስልካቸውን አይተው እንደነገሩኝ፣ ኩባንያው የዕቃውን መውጫ ጊዜ እንደገና አራዝሞታል፤ ከነጭራሹ አይወጣም የሚሉም አሉ። ስለዚህ ሰፈራችን ድኗል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ፈታሹን የሚልኩልኝ ከሆነ ግን በሩን ጠንከር አድርጎ እንዲያንኳኳ ይንገሩልኝ። አስማረ ቀስ ብሎ ነበር የሚያንኳኳው፤ እኔም ለትንሹ ድምፅ ሁሉ መነሣት ለምጄ ባለፈው ዓርብ ለነፋስ በር ከፍቻለሁ። ነፋሱ ከኮሚቴዎ ይልቅ ቀጠሮ አክባሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።