«አክሶሪየስ»ን የተረጎሙት አባታችን

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው በቋንቋ ጥናት በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ ጥቂት ዓመታት እንግሊዝኛ አስተማሩ። ከዚያም የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ ቢሮ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ አገልግለዋል።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ቢሮው ለቤታችን ቅርብ ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርሱ ወደ እናታችን ይገሰግሱ ነበር። ባልደረቦቻቸው ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። አንድ ቀን ዋና አዘጋጁ ቃላት ሲያከፋፍሉ «አክሶሪየስ» የሚል ቃል የተጻፈበት ካርድ አነሱና፣ «እንካ፣ ይሄ በልክህ የተሰፋ ነው!» አሏቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ቃሉ በላቲን «ሚስት» ከሚል ስም የወጣ ሲሆን፣ ሚስቱን ያለ ልክ የሚወድን፣ ከቃሏ የማይወጣን ባል የሚነቅፉበት ነው። አባታችን «ሚስቱን የሚያመልክ» ብለው ተረጎሙት፤ አብረውም ሳቁ። በማግስቱ ግን ምሳቸውን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሉ። በዚያው ቀጠሉ። እናታችን፣ «ምነው፣ እጄ አልጣፍጥ አለህ እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አሉ። እናታችን ሁለተኛ አልጠየቋቸውም።

ከዓመታት በኋላ እናታችን በምሳ ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ በድንገት ወደቁ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። አባታችን በዚያ ሰዓት ከቢሮው ሥር ባለው ምግብ ቤት ጨዋታ ይዘው ነበር። ቤት ሲደርሱ እናታችን አርፈዋል።

መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሊታተም ሲል፣ ባልደረቦቻቸው አዝነውላቸው ትርጉሙን እናለዝበው ቢሏቸው፣ «ተዉት፣ ደህና ነው። እሱ ሚስቱን አብዝቶ ስለወደደ ሰው ነው፤ እኔን አይመለከትም» ብለው እንቢ አሉ።

አባታችን በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ታናሽ እህታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ተቀምጠዋል። ስለ እናታችንና ስለ ምሳው ያለው ነገር ከዚህ የሕይወት ታሪካቸው እንዳይዘለል አደራ ያሉን ራሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ እናታችንም ይቅር ይበሏቸው።